ትኩስ ደንበኛ

ትኋን የሚያጠፋ ሰው አይመሰገንም። ግድግዳ የቀባ፣ ቧንቧ የጠገነ፣ ሶፋ ያጠበ ሰው ሥራው ካማረ የቤቲቱ እመቤት ጎረቤቷን ጠርታ ታሳያለች፤ ስልኩም ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይተላለፋል። ትኋን ያጠፋላትን ሰው ግን ምን ብላ ታስተዋውቃለች? «ጎበዞች ናቸው፣ እኔን ገላግለውኛል» ካለች ቤቷ ትኋን እንደነበረበት መናገሯ ነው። ዘመነችና ባለቤቷ ፍቅሬ ይህን የተረዱት ዘግይተው፣ ሥራውን ከጀመሩ በኋላ ነበር።

ፍቅሬ ለብዙ ዓመት የእህል መጋዘን ነቀዝ በሚያጠፋ ድርጅት ተቀጥሮ ሠርቷል። ድርጅቱ ሲዘጋ መርጫና መድኃኒት ገዝተው፣ አጠና ተራ ከተከራዩት ቤት ሆነው የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ። እሱ ዝምተኛ ነው፤ አልጋ ፈትቶ ስንጥቅ ለስንጥቅ መርጨት እንጂ ከሰው ጋር መከራከር አይሆንለትም። ስልክ ማንሳት፣ ቀጠሮ መያዝ፣ ዋጋ መነጋገር የዘመነች ድርሻ ሆነ። ደንበኛ መፈለግም እንዲሁ።

የሚጠሯቸው ሰዎች ደግሞ እንደ ሌባ ደብቀው ነበር የሚያስገቧቸው። ቱታቸውን ሰፈሩ ሳይደርሱ እንዲያወልቁ የሚያዟቸው ነበሩ። አንዲት የቤቴል ሴት መርጫውን በሻንጣ ይዘው እንዲመጡ አድርጋ፣ ለጎረቤቷ «ከወልቂጤ የመጡ ዘመዶቼ ናቸው» አለቻት። ጎረቤትየዋ የዚያው አገር ሰው ኖራ፣ ደስ ብሏት በጉራጊኛ ወሬ ጀመረች። የከምባታ ልጅ የሆነችው ዘመነች አንድ ቃል ሳይገባት ሻንጣውን አቅፋ ፈገግ ስትል ቆየች። የዚያ ቤት ሥራ እንከን አልወጣለትም። ከዚያ በኋላ ግን ከቤቴል አንድም ሰው አልደወለም።

በመብራት ምሰሶ ላይ የለጠፉትን ወረቀት ደንብ አስከባሪዎች ልጠው ጣሉት፤ ዳግመኛ ቢለጥፉ እንደሚቀጡም አስጠነቀቋቸው። ፌስቡክ ላይ ያወጡትን ማስታወቂያ ያዩት ዘመዶቻቸው ብቻ ነበሩ፤ እነሱም «ተባረኩ» እያሉ አለፉት። ፍቅሬ ጠዋት ጠዋት መርጫውን ይፈታል፣ ያጥባል፣ መልሶ ይገጥማል። ንጹሑን ዕቃ ደጋግሞ ሲያጥብ ዘመነች ታየዋለች። ባሏ ሥራ ጠልቶ ቢቀመጥ ትቆጣው ነበር፤ ሥራ ወድዶ ሥራ ያጣውን ሰው ምን ትበለው?

እትዬ አልማዜ ያነጋገሯት በዚህ መሃል ነው። እትዬ አልማዜ እሷ በምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን የታወቁ የጸሎት እናት ናቸው። ከየሰፈሩ ያሉ ሴቶች የጸሎት ርዕሳቸውን በቴሌግራም ይልኩላቸዋል፤ እሳቸውም እያንዳንዷን በስሟ ይዘው ጓዳቸው ተንበርክከው ይማልዳሉ። አንድ እሑድ ከፕሮግራም በኋላ ዘመነችን ፊቷ ጠቁሮ ቢያዩዋት ምን እንደሆነች ጠየቋት። ነገረቻቸው። እሳቸውም ልጃቸው ጌድዮን ለድርጅቶች ደንበኛ የሚያገናኝ ቢሮ እንዳለው፣ ሄዳ ብታነጋግረው እንደማይጨክንባት፣ እሳቸውም አደራ እንደሚሉት አጫወቷት። ልጃቸውን ሲያነሱ ፊታቸው በራ።

የጌድዮን ቢሮ አየር ጤና አካባቢ፣ ከፍራሽ መሸጫ በላይ ያለ ጠባብ ክፍል ነበር። ሁለት ወንበር፣ አንድ ኮምፒውተር፣ በጥሩ ሽቶ የታጠበ ወጣት። «እህት ዘመነች» እያለ በአክብሮት አስቀመጣት። ሰው ፍለጋ በየሰፈሩ መንከራተት ድሮ እንደቀረ፣ እሱ የሚሸጠው «ሊድ» እንደሆነ ገለጸላት። ቃሉን አታውቀውም ነበር።

«ሊድ ማለት ያንቺን አገልግሎት የሚፈልግ ሰው ስልክ ነው» አላት። «አንቺ ሰውን አትለምኚም። እሱ ነው እየፈለገሽ ያለው። ትኩስ ደንበኛ በይው።»

ዘመነች ቃሉን ወደደችው። ለሁለተኛ መርጫ መግዣ ያስቀመጡትን ገንዘብ ፍቅሬን በግድ አሳምና አወጣችና ለጌድዮን ከፈለችው። ስልኮቹ በቴሌግራም ይደርሷት ጀመር። እሷም የልጆቿን ደብተር ከጠረጴዛው ላይ አንስታ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ እንደ ባንክ ሠራተኛ ቀና ብላ ተቀምጣ መደወል ጀመረች።

የመጀመሪያው ሰው የዓለም ባንክ ሰፈር ነዋሪ ነበር፤ ገና «ስለ ትኋን» ስትል ከጠዋት ጀምሮ ስንት ሰው እንደሚደውልለት ነግሯት፣ ተሳድቦ ዘጋው። ሁለተኛዋ ልጅ እግር የሥራ ማስታወቂያ መስሏት ነበር ጌድዮን ባወጣው ማስታወቂያ ቅጽ ላይ ስልኳን የሞላችው። ዘመነች ቅጥር እንደሌለ ብታስረዳትም አልሰማችም፤ በየቀኑ እየደወለች «ፈተናው መቼ ነው?» ትል ነበር። ሦስተኛው የአስኮ ቤርጎ ባለቤት ሆነው ተገኙ። ሰውየው በእንግዶቻቸው ፊት ስልክ አንስተው ኖሮ፣ የእኔ ቤርጎ ትኋን አለበት ያለሽ ማነው፣ ማን ነው የላከሽ እያሉ ጮኹባት። ፖሊስ እጠራለሁ ሲሏት ስልኩን እንደ ጋለ ብረት ጣለችው።

አንድ ብቻ «ኑ» ያላቸው ሰው ተገኘ፤ ቤቱ ከቆሼ ወዲያ፣ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ነበር። መርጫውን ተሸክመው በታክሲም በእግርም ሲደርሱ፣ ማስክ ያጠለቁ ሁለት ጎረምሶች ከግቢው እየወጡ ነው። የሌላ ድርጅት ሰዎች ነበሩ። ባለቤቱ ይቅርታ ጠይቆ ቀድሞ ለደረሰ መስጠቱን ነገራቸው። ከጎረምሶቹ አንዱ ዘመነችን አየት አደረገና «እናንተም ከጌድዮን ነው?» አላት።

ሲመለሱ ፍቅሬ እስከ ቤት አልተነፈሰም። እራት ላይ ግን «ውሃ ወቀጣ ነው» አለ። እሷም ከማለዳ ጀምሮ ያመቀችውን ሁሉ እሱ ላይ አራገፈችው። ስድቡን የምትሰማው እሷ መሆኗን፣ እሱ ስልክ አንስቶ እንደማያውቅ፣ ዝም ማለት ቀላል መሆኑን ነገረችው። ፍቅሬ ሰማት። ሰምቶ ሲያበቃ «እሺ፣ ከነገ ጀምሮ እኔ ልደውል» አለ። በማግስቱ በእርግጥ ደወለ፤ ሰውየው «ሄሎ» ሲለው ቃል ጠፍቶት ዘጋበት። መሳቅ አማራት፤ አልቻለችም።

ወደ አየር ጤና ተመለሰች። ጌድዮን አልተቆጣም፤ እንዲያውም ራሱን በሐዘን ነቀነቀ። ጥፋቱ የፍጥነት እንደሆነ፣ ስልኩ እንደደረሰ ወዲያው ካልተደወለ እንደሚቀዘቅዝ አስረዳት። ያው ስልክ ለሌሎችም መሸጡን ስትነግረው በርካሽ የሚሸጠው ለጋራ ስለሆነ ነው አለ። ለብቻዋ የሚሰጥ፣ ሌላ ሰው የማያገኘው፣ የተጣራ ግን አለ። ጥቂት ነው፤ ዋጋውም ከፍ ይላል፤ እናቱ አደራ ስላሉት ቀንሶላታል።

መነሳት ነበረባት። ቦርሳዋን ይዛ ተነስታም ነበር። ነገር ግን ያፈሰሰችውን ገንዘብ ሜዳ ላይ ትታ መሄድ አቃታት፤ ትንሽ ብትጨምርበት የፊተኛውንም የምታስመልስ መሰላት። ከድጡ ወደ ማጡ የሚገባ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚመስለው። ለፍቅሬ ሳትነግረው ከፈለች።

እነዚህኞቹ እውነተኛ ነበሩ። ስሙ፣ ሰፈሩ፣ ችግሩ ሁሉ ተጽፎ ይመጣል። መጀመሪያ የደወለችላት የዊንጌት ሴት ሰምታት ስታበቃ ስልኳን ከየት እንዳገኘች ጠየቀቻት። ዘመነች ጌድዮን እንዳስጠናት «ማስታወቂያ ላይ ሞልተው ነበር» አለቻት። ሴትየዋ እንደሞላች ትዝ አላላትም፤ ሆኖም ተቀበለቻቸው። ሄዱ፣ ሠሩ፣ ተከፈላቸው። ያን ቀን ሲመለሱ ፍቅሬ ብርቱካን ገዛ። ዘመነችም ነገሩ በስተመጨረሻ መልክ የያዘ መሰላት።

ቀጥሎ የመጣው ስልክ የሳንሱሲ ነበር። ውዳሴ የምትባል ሴት፤ ሁለት ልጆች አሏት፤ ትኋኑ የልጆቹ ክፍል ነው፤ ባሏ ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዷል፤ አከራይዋ እንዳይሰሙ ትፈራለች። ዘመነች ይህን ሁሉ ስታነብ እንዴት ደስ የሚል የተጣራ ደንበኛ ነው አለች እንጂ፣ እንዲህ ያለ ነገር ማስታወቂያ ላይ የሚሞላ ሰው አለ ወይ ብላ አልጠየቀችም። ደወለች።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?» አለ ቀጭን ድምፅ።

ዘመነች ራሷን አስተዋወቀች። ከዚያም ደንበኛዋን ለማረጋጋት ብላ፣ የልጆቹን ክፍል ብቻ በአንድ ቀን ጨርሰው እንደሚወጡ፣ አከራይዋም ምንም ሳይሰሙ እንደሚያልቅ ነገረቻት።

ስልኩ የተቋረጠ መስሏት «ሄሎ? ሄሎ?» አለች።

«አከራዬን እንደምፈራ ማን ነገረሽ?» አለች ውዳሴ።

ዘመነች ያጠናችውን መለሰችላት።

«ምንም ማስታወቂያ ላይ አልሞላሁም። ይህን የጻፍኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ለባሌ እንኳን አልነገርኩም። ለእማማ አልማዜ ነው የላክሁት፣ እንዲጸልዩልኝ። ልጆቼ ሌሊቱን ሲያኩ ነው የሚያድሩት፣ ጌታ ያሳርፈኝ ብዬ...» ከዚያ በቀዘቀዘ አነጋገር «ጸሎቴን ነው የሸጡልሽ?» አለችና ዘጋችው።

ዘመነች ማሰብ አላስፈለጋትም። የእትዬ አልማዜ ልጅ ማን እንደሆነ ታውቃለች።

በዚያው ቀን አየር ጤና ደረጃውን በሩጫ ወጣችው። ጌድዮን የሚክድ መስሏት ነበር፤ ለመካዱም ተዘጋጅታለች። እሱ ግን ወንበር ሳበላት። እናቱ ዓይናቸው ስለደከመ ቴሌግራማቸውን የከፈተላቸው፣ በራሱም ስልክ የሚያየው እሱ እንደሆነ፣ ማታ ማታም እያነበበ የሚያሰማቸው እሱ መሆኑን ነገራት። አንዷ በትኋን ትቸገራለች፣ አንዷ ቤት ሠራተኛ ትፈልጋለች፣ አንዷ ልጇ ሒሳብ አልገባውም ብላ ታለቅሳለች። ለሁሉም የሚሆን ድርጅት አለ።

«ሰዎቹ እኮ ላንተ አልጻፉም» አለችው። «ለእግዚአብሔር ነው የጻፉት።»

«ልክ ነሽ፣ እህት ዘመነች» አለ። አላፌዘም፣ ድምፁንም አልለወጠም። «ከትኋን ገላግለኝ ብለው ጸለዩ። እኔ አንቺን ላክሁላቸው። የጸሎት መልስ ከየት የሚመጣ መስሎሽ ነው?»

ኋላ ቤቷ ገብታ ምጣዱን ስታጥብ፣ ታክሲ ስትጠብቅ፣ አልጋ ላይ ስትገላበጥ ስንት መልስ መጣላት። በዚያች ሰዓት ግን የቀረውን ገንዘቧን እንዲመልስ ብቻ ጠየቀችው። የተሸጠ ሊድ እንደማይመለስ በትሕትና ነገራት። ደረጃውን ስትወርድ ከሁሉ በላይ ያንገበገባት በመጨረሻ ያነሳችው ስለ ገንዘብ መሆኑ ነው።

ፍቅሬ ነገሩን ሲሰማ እንድትተወው መከራት። እናት ስለ ልጇ መስማት እንደማትፈልግ፣ ተናጋሪው እንደሚጠላ ነገራት። እሷ ግን ማታ ማታ እትዬ አልማዜ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ልጃቸው የሴቶችን ጉድ እያነበበ፣ በልቡ ዋጋ ሲያወጣለት ይታያት ነበር። አልቻለችም። አሥራ ስምንት ማዞሪያ ያለው ግቢያቸው ሄደች።

እትዬ አልማዜ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። ስትነግራቸው እጃቸው አላቆመም። ድንጋዩን እያወጡ፣ ምስሩን ወደ ጎን እያደረጉ እስከ መጨረሻ አዳመጧት። ከዚያ ሰፌዱን ከጭናቸው ላይ አወረዱ።

«ከመግዛትሽ በፊት ከየት እንዳመጣው ጠየቅሽው?» አሏት።

«አልጠየቅሁትም፣ እትዬ።»

«ገዢ ባይኖር ኖሮ ለማን ይሸጥ ነበር?»

ዘመነች ይቅርታ ልትጠይቃቸው አልመጣችም ነበር፤ እሷ ራሷ የተበደለች መስሏት ነበር የመጣችው። አሁን ግን አንገቷን ደፋች። እትዬ አልማዜ ተነስተው ስልካቸውን ከጓዳ አመጡና ሰጧት፤ ልጃቸው የሚያይበትን መንገድ እንድትዘጋላቸው ጠየቋት። ዘመነች ብትነካካውም አላወቀችበትም። በመጨረሻ አሮጊቷ ከእጇ ወስደው አጠፉት። ሲሸኟት በር ድረስ አልመጡም፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያደረጉበትን ቀን ዘመነች አታስታውስም።

በሚቀጥለው እሑድ እትዬ አልማዜ በሴቶች ፕሮግራም ላይ ቆመው፣ ከእንግዲህ ማንም በስልክ የጸሎት ርዕስ እንዳይልክላቸው፣ የላከችም ካለች ነገሯ ከሌላ ሰው እጅ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ይቅር እንድትላቸው ለመኑ። የማን እጅ እንደሆነ አልተናገሩም። ሴቶቹ አለቀሱ። ውዳሴ ደግሞ ትኋን የምታጠፋ ሴት ደውላ ምስጢሯን እንደዘረገፈችባት ለአንዲት ጓደኛዋ አጫውታ ኖሯል። ሁለቱ ወሬዎች መንገድ ላይ ተገናኙ። ሳምንት ሳይሞላ፣ ዘመነች የአሮጊቷን ስልክ ሰርቃ አንብባለች ተባለ።

ማራናታ የምትባል የመዘምራን ልጅ ብቻ ቀርባ ጠየቀቻት። ዘመነች እውነቱን ነገረቻት። ልጅቷ አዳምጣ ስታበቃ፣ «የእትዬ አልማዜ ልጅ? እሱ እኮ ለወጣቶች ያስተምራል» አለች። በማግስቱ ሌላ ወሬ ተጨመረ፤ ዘመነች የራሷን ጥፋት በሰው ልጅ ላይ አላከከች ተባለ።

ከዚያ በኋላ ሰላምታ ቀነሰ። አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ መቅረት ጀመረ። ፍቅሬ «እኔ ቆሜ ልናገር» አለ፤ ይህ ዝምተኛ ሰው ያለውን ያደርገዋል ብላ ደንግጣ እንዲተወው ለመነችው። ስልኳ ሲጮህ የምትደውለው ያቺ «ፈተናው መቼ ነው?» የምትለዋ ልጅ ብቻ ሆነች። ሥራው የለም፣ ገንዘቡ የለም፣ ስሟም የለም። ፍቅሬ በሰው በሰው አንድ መጋዘን በጥበቃ መቀጠር እንደሚችል አጠያየቀ። እሷም ተው አላለችውም።

ውዳሴ የደወለችው እንዲህ ባሉበት ሰሞን ነው። ዘመነች ቁጥሩን ስታይ ለስድብ ተዘጋጀች።

«አሁንም ትሠራላችሁ?» አለች ውዳሴ።

ዘመነች እንደሚሠሩ ነገረቻትና ይቅርታዋን ልትጀምር ስትል ሴትየዋ አቋረጠቻት።

«አንቺ ጥሩ ሰው ነሽ ብዬ አይደለም የደወልኩት። ሌላ ሰው ብጠራ ሌላ ሰው ሊያውቅብኝ ነው። አንቺ ቀድሞውንም ታውቂያለሽ።»

አከራይዋ ለቅሶ የሄዱበትን ቀን ጠብቀው ወደ ሳንሱሲ ሄዱ። ውዳሴ ከድምፅዋ ይልቅ ልጅ ነበረች፤ ክንዷ ላይ ንክሻው ተርታ ተርታ ሠርቶ ቆስሏል። ልጆቹን ዘመድ ቤት ልካቸዋለች። ፍቅሬ በስሱ ሰላም ብሏት ገብቶ አልጋውን መፍታት ጀመረ። ዘመነች በር ላይ ቀረት ብላ ስትለማመደው የሰነበተችውን ንግግር አወጣች፤ እንዳላወቀች፣ ማወቅ ግን እንደነበረባት፣ በዚህም የተነሳ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ እንደማይወስዳት።

ውዳሴ ግማሹን እንኳን አልሰማችም። «ፍራሹን በዚያ በኩል ያዥልኝ» አለቻት።

ፍራሹን ሁለቱ ተሸክመው ወደ ፀሐይ አወጡት። ሲገለብጡት ስፌቱ ሥር ጥቁር ሆኖ የተሰገሰገውን አዩ፤ ውዳሴ ፊቷን አዞረች፣ ዘመነች ግን ይህን ብዙ ቤት አይታለችና ብሩሽ አንስታ ተቀመጠችበት። ቁምሳጥኑን አብረው ገፉ፣ የልጆቹን ልብስ አብረው በፈላ ውሃ ነከሩ፣ መጋረጃውን አብረው አወረዱ። ከሥራው ሌላ ቃል አልተለዋወጡም። ፍቅሬ ረጭቶ ሲጨርስ ውዳሴ ሒሳባቸውን አንድ ሳታጎድል ከፈለች። እንቁላሉ ስለሚፈለፈል ሌላ ጊዜ ደግመው መምጣት እንዳለባቸው ዘመነች ነገረቻት። ውዳሴ አከራይዋ የማይኖሩበትን ቀን እንደምታሳውቃት ቃል ገባች። በሩን ከፍታ ግራ ቀኝ አይታ አስወጣቻቸው።

ደግመው ሄደው ጨርሰው ከተመለሱ ከጥቂት ቀን በኋላ ከውዳሴ መልእክት መጣ። «ተኝተዋል» ይላል፤ ሌላ የለበትም። ዘመነች «ተባረኪ» ብላ ጻፈችና አጠፋችው። «ይቅርታ» ብላ ጀመረችና አጠፋችው። በመጨረሻ «እሺ» ብላ ላከች፤ ተነስታም ፍቅሬ ለጥበቃው ሥራ የሚለብሰውን ካፖርት ቁልፍ መትከል ጀመረች።